ምላጩ የማይገኝለት መጋዝ

አዲስ አበባ የሚኖሩት አጎቴ በጓሯቸው፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እንጨት ይሠራሉ። የሥዕል ፍሬም፣ አትሮንስ፣ ለሰርግ ስጦታ የሚሆን ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ፣ አልፎ አልፎም ሐረግ የተጠላለፈበት የእንጨት መስቀል ከእጃቸው ይወጣል። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ የላክሁላቸውን የኤሌክትሪክ መጋዝ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ አገኘሁት። በላዩ ላይ የኮላ ጣሳና የብርጭቆ ወረቀት ተቀምጦበታል። አንሶላውን ገለጥ ሳደርገው ቀለሙ እንኳ አልተጫረም። አጎቴ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ «ዕቃው ጥሩ ነው ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ምላጩ ብቻ ነው ያስቸገረን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መጋዙን የገዛሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ ምሽት፣ ስልኬ ላይ ዋጋ ከዋጋ አወዳድሬ ነው። ከርካሾቹ መካከል ገዢዎች ብዙ ኮከብ የሰጡትን መረጥሁ። አብሮት የመጣው ጥቂት ምላጭ በሁለት ወር ውስጥ ተሰብሮ አለቀ። አጎቴ መርካቶን ቢያስሱም የዚያን ዓይነት ምላጭ አላገኙም። ይህን ሁሉ ጊዜ በስልክ ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው «በጣም ይሠራል» የሚል ነበር። በሙያዬ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ነኝ፤ ስለ ካፒታል ክምችትና ስለ ምርታማነት ለዓመታት አንብቤያለሁ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ካፒታል ግን የኮላ ጣሳ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየኝ።

ወደ አሜሪካ ስመለስ ለራሴም አንድ እንዲህ ያለ መጋዝ ለመግዛትና ሥራውን ከመጀመሪያው ለመማር ወሰንሁ። ግማሹ ምክንያት ጸጸት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ስህተቱ የት ላይ እንደ ነበረ በእጄ ለማወቅ መፈለጌ ነው። ይህ ጽሑፍ በቤቱ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ የእንጨት ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ አንባቢ የተጻፈ ነው፤ ለዘመድ ወይም ለሙያ ማሠልጠኛ ማሽን ለመላክ ለሚያስብም እንዲሁ። ለሁለቱም የማቀርበው መከራከሪያ አንድ ነው፦ የመጀመሪያ መጋዝ ሲመረጥ አስቀድሞ የሚመረጠው ምላጩ ነው፤ ማሽኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑና ሥራው

የምናወራው ስክሮል ሶው ስለሚባለው መጋዝ ነው። ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ክንዶች መካከል እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ቀጭን ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ፣ በትንሽ የብረት ጠረጴዛ ላይ የምንገፋለትን እንጨት ይቆርጣል። ሌሎች መጋዞች በቀጥታ መስመር ሲበረቱ፣ የዚህ ኃይል በጠመዝማዛው ላይ ነው። ዋና ችሎታው ግን ከውስጥ መቁረጥ ነው። በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ምላጩ ከአንድ ጫፉ ተፈትቶ በቀዳዳው ያልፋል፤ እንደገና ይወጠራል፤ ከዚያም የእንጨቱ ጠርዝ ሳይነካ መሃሉ ተቆርጦ ይወጣል።

በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የሚታየውን ሐረግ ወይም ቀዳዳው የበዛ የእጅ መስቀልን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። አርባ ክፍት ቦታ ያለውን ንድፍ ለመሥራት ምላጩ አርባ ጊዜ ይፈታል፤ አርባ ጊዜ ይወጠራል። ስለዚህ የዚህ ማሽን ምርታማነት የሚለካው በሞተሩ ጉልበት ከሚሆን ይልቅ፣ ምላጩ በምን ያህል ቅልጥፍና እንደሚቀየርና በምን ያህል ጠባብ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ቢሆን ይሻላል። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን የሞተሩ ነገር ነው።

ሁለቱ የምላጭ ዓይነቶች

የስክሮል ሶው ምላጭ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሁለቱም ጫፍ ላይ አግድም የተሰካ ትንሽ የብረት ዘንግ አለው፤ ዘንጉ በማሽኑ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላልና መቀየሩ ቀላል ነው። ሁለተኛው ጫፉ ልሙጥ ነው፤ በብሎን ተጨብጦ ይያዛል። ለጀማሪ ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ማሽኖች ብዙዎቹ ባለ ዘንጉን ያስቀድማሉ፤ አንዳንዶቹም ከእርሱ በቀር ሌላ አይቀበሉም። እኔ ለአጎቴ የላክሁት ከእነዚህ አንዱን ነበር።

ቅለቱ ዋጋ ያስከፍላል። ዘንጉ በእንጨቱ ማለፍ ስላለበት ቀዳዳው 5 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት። ቀጭን ልሙጥ ምላጭ ግን ከ1 ሚሊሜትር ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳ ያልፋል። በሐረግ ሥራ ውስጥ ይህ ልዩነት ንድፉ ሊሠራ በመቻሉና ባለመቻሉ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ልሙጡ በዓይነቱም እጅግ ሰፊ ነው፦ እንደ ክር ከቀጠኑት እስከ ቁጥር 12 ድረስ ይዘልቃል፤ የታችኞቹ ጥርሶቹ ወደ ላይ የዞሩ፣ የኮምፔንሳቶን የታች ገጽ የማያፈራርሱም አሉ። 2 ሳንቲሜትር ለሚጠጋ እንጨት ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በቁጥር 5 ቢጀምር ይቀለዋል።

በእኛ ሙያ ይህ ሁኔታ ስም አለው፤ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላው ለመሸጋገር የሚጠይቅ ወጪ እንለዋለን። ገዢው ዛሬ ባገኘው ትንሽ ምቾት ነገ ሊሠራ የሚችለውን ይገድባል፤ ገደቡን የሚያየው ደግሞ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። አጎቴ ከእኔ ማሽን በፊትም በኋላም የሚሠሩበት የእጅ መጋዝ፣ ያ ቀስት መሰሉ ክፈፍ፣ የሚወስደው 13 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለውን ልሙጥ ምላጭ ነው። የስክሮል ሶው ልሙጥ ምላጭም ርዝመቱ ያው ነው። ወርቅና ብር አንጥረኞች መስቀል የሚፈለፍሉበትም እንዲሁ። አጎቴ ምላጫቸውን የሚገዙት የአንጥረኛ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ጥርሱ ለብረት ስለተሠራ በእንጨት ላይ ቢዘገይም ለስስ እንጨት ያገለግላል። ልሙጥ ምላጭ የሚቀበል ማሽን ልኬላቸው ቢሆን ኖሮ፣ የምላጩ መንገድ ከእኔ በፊት ተጠርጎ ቆይቷቸው ነበር።

ለጀማሪ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 በሠራው ታዋቂ ጥናት፣ ምርታማነት ከሥራው ከራሱ፣ በድግግሞሽ እንደሚወለድ አሳይቷል። በዚህ ማሽን ላይ የድግግሞሹ ዋጋ በተሰበረ ምላጭ ይከፈላል። ጀማሪ እንጨቱን በኃይል ይገፋል፣ ምላጩን አላልቶ ይወጥራል፣ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይቸኩላል፤ ምላጩም ይሰበራል። ስለዚህ ከባለሙያው ይልቅ ብዙ ምላጭ የሚፈጀው ጀማሪው ነው። አንድ ደርዘኑ በጥቂት ዶላር በየትም ሲገኝ ስህተት ርካሽ ይሆናል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። ምላጩ ብርቅ ከሆነ ግን ሰው መሳሳትን ይፈራል፤ መሳሳትን የፈራ ደግሞ አይማርም።

ዋጋና ወጪ

የማሽን ዋጋ በደረሰኝ ላይ የተጻፈው ነው ብለን እናስባለን። ዴል ጆርገንሰን እ.ኤ.አ. በ1963 የካፒታልን የአገልግሎት ወጪ ሲተነትን ግን፣ ትክክለኛው ወጪ ዕቃው በአገልግሎት ዘመኑ የሚያጣው ዋጋና በውስጡ የታሰረው ገንዘብ ሌላ ቦታ ሊያስገኝ ይችል የነበረው ጥቅም መሆኑን አስጨብጦናል። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንገምት። አንድ ሰው በ130 ዶላር መጋዝ ገዛ፤ 10 ሰዓት ሠርቶበት ተማረረና በ30 ዶላር ሸጠው። ሌላው በ550 ዶላር ገዛ፤ 200 ሰዓት ሠርቶበት በ300 ዶላር ሸጠው። ወለዱን ለጊዜው ብንተወው፣ ለመጀመሪያው እያንዳንዱ ሰዓት 10 ዶላር ሲያስወጣው፣ ለሁለተኛው ያስወጣው 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የሒሳቡን ውጤት የሚወስነው ግን ከዋጋው ይልቅ የሰዓቱ ብዛት መሆኑን ልብ በሉ።

እንግዲህ ሰዓቱን የሚያበዛው ምንድን ነው? በእኔ ልምድ ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የንዝረት ማነስ ነው። ክንዶቹ በአንድ ላይ የተያያዙበት ቀላል አሠራር ምላጩን በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዘዋል፤ ትይዩ ክንድ ያላቸው ማሽኖች ምላጩን ወደ ቀጥታው ያቀርቡታል፤ አጫጭር ክንዶችን በድርብ የሚያያይዙት ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ክብደት ስለሚቀንሱ ይበልጥ ይረጋጋሉ። ከባድ የብረት አካልም ይረዳል። በተለምዶ የሚመሰገነው የዲዋልት ዲደብልዩ 788 ሞዴል ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ያለ መፍቻ፣ በእጅ ብቻ፣ ምላጩን መፍታትና መወጠር መቻል ነው። ሦስተኛው ፍጥነቱን እንደ ፈለጉ ዝቅና ከፍ ማድረግ ነው፤ ጀማሪ ቀስ ብሎ መቁረጥ ይገባዋል፤ ጠንካራ እንጨትም በከፍተኛ ፍጥነት ሲቆረጥ ጠርዙ ይቃጠላል።

ብዙ የሚወራላቸውና ለጀማሪ እምብዛም የማይጠቅሙም አሉ። የክንዱ ጥልቀት 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲሜትር ያህል ከሆነ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። አብሮ የተገጠመ መብራት በ10 ዶላር መብራት ይተካል። ከማሽኑ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ለዓይን መነጽርና ለአፍንጫ መሸፈኛ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል፤ የስክሮል ሶው ብናኝ ደግሞ እጅግ የደቀቀ ነው።

«በርካሹ ጀምሬ ልየው» የሚለው ክርክር

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነውና በሚገባው ክብር ልመልሰው። «ሥራው ይስማማኝ እንደ ሆነ ሳላውቅ ለምን ብዙ ገንዘብ አወጣለሁ? በርካሹ እጀምራለሁ፤ ከወደድሁት አሻሽላለሁ።» ይህ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። አቪናሽ ዲክሲትና ሮበርት ፒንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት፣ መጪው ጊዜ ሳይታወቅ የማይመለስ ወጪ ከማውጣት ቆይቶ መረጃ መሰብሰብ በራሱ ዋጋ አለው።

ነገር ግን ይህ አመክንዮ የቆመበት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሙከራው እውነተኛ መረጃ መስጠት አለበት። የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ የተቀመጠ ጀማሪ መስመሩን ሲስት፣ ጥፋቱ የእጁ ይሁን የማሽኑ የሚለይበት መንገድ የለውም። ብዙ ሰው በራሱ ይፈርዳል፤ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ይላል። እኔም ወዳጅ ያዋሰኝን ቀላል መጋዝ ለሁለት ሳምንት ስሞክር ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። በኋላ በጽኑ ማሽን ላይ በዚያው እጄ፣ በዚያው ንድፍ ላይ ስቀመጥ መስመሩን ጠበቅሁ። ርካሹ ሙከራ የሐሰት ምስክርነት ሰጥቶኝ ነበር። የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ሙከራ በነጻም ቢሆን ውድ ነው።

ታዲያ ገንዘብን ሳይበትኑ እውነተኛ መረጃ የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው የአጎቴ መንገድ ነው፤ ቀስት መሰሉ የእጅ መጋዝ ከነምላጩ ጥቂት አስር ዶላር ቢያወጣ ነው፤ ትዕግሥትንና ዓይንን ያለ ንዝረት ይፈትናል። ሁለተኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚገኙት የጋራ የሥራ ቤቶች ናቸው፤ በወር መዋጮ በጥሩ ማሽን ላይ መሥራት ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጠባብ አፓርትመንት ለሚኖር ወገን ደግሞ ከድምፁና ከብናኙ የተነሣ ይህ ከሁሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ያገለገለ ጥሩ ማሽን መግዛት ነው።

ያገለገለ መግዛት

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት ከገዢው የበለጠ ሲያውቅ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ሊያስወጣው እንደሚችል አሳይቷል። ያገለገለ መጋዝም ይህ አደጋ አለበት ብሎ መስጋት ተገቢ ነው። እንደ እኔ ግን በዚህ ገበያ አደጋው ቀለል ይላል። ብዙ ሰው ስክሮል ሶው የሚሸጠው ቤት ሲቀይር፣ ቦታ ሲጠበው ወይም ሥራው ሲሰለቸው ነው፤ ማሽኑም ሁሉ ነገሩ በግልጽ የሚታይ ነውና በአሥር ደቂቃ ይመረመራል።

ሻጩ ቤት ስትሄዱ ልሙጥ ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራሳችሁ ግጠሙት። የሚጨብጠው ብሎን ጥርሱ ከተበላ ያን ጊዜ ይታወቃል። ምላጩን ወጥራችሁ በጣታችሁ ንኩት፤ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ካልሰጠ መወጠሪያው ደክሟል። ሞተሩን አጥፍታችሁ የላይኛውን ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ የሚንቋቋ ከሆነ መጋጠሚያው አልቋል። ከዚያም አንድ ሳንቲም በጠርዙ በጠረጴዛው ላይ አቁሙና ፍጥነቱን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ቀስ እያላችሁ አሳድጉ። ሳንቲሙ ቆሞ ከቀጠለ ማሽኑ የተረጋጋ ነው፤ ከወደቀም ማሽኑ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በብሎን መታሰሩን አይታችሁ እንደገና ሞክሩ። እኔ ያገለገለውን የገዛሁት እንዲህ ፈትሼ ነው፤ ነገ ብሸጠው ከከፈልሁት ብዙም የሚጎድል አይመስለኝም።

የኤሌክትሪኩ ነገር

ማሽን ከምንኖርበት አገር ወደ ቤት ለመላክ የምናስብ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ሌላ ጥያቄ አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። በመውጫው ኸርዝ ፍጥነቱ የሚወሰን ሞተር ከ60 ወደ 50 ሲወርድ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ይግላልም። ፍጥነታቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ብዙዎቹ ማሽኖች በዚህ ያን ያህል አይጎዱም፤ ቢሆንም በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚላክ ማሽን ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይስማማል። የሳዑዲ ዓረቢያው ግን ቮልቴጁ ቢቀርብም ኸርዙ 60 ነው።

ይሉኝታ እንደ መረጃ እጦት

ወደ አጎቴ ክፍል ልመለስ። ያ ማሽን ለምን ያን ያህል ጊዜ ያለ ሥራ ተቀመጠ? የቴክኒኩ መልስ ምላጭ ነው። ጠለቅ ያለው መልስ ግን እኔ ስለ ችግሩ አለማወቄ ነው። ማሽኑን በገንዘባቸው ቢገዙት ኖሮ በማግስቱ ወደ ሱቁ መልሰው በተከራከሩ ነበር። የእኔ ስጦታ ስለ ነበረ ግን ይሉኝታ ያዛቸው። ገበያ ቅሬታን በዋጋ በኩል ያስተላልፋል፤ ስጦታ ግን ቅሬታውን በምስጋና ይሸፍነዋል። ላኪው ዝምታውን እንደ ስኬት ይቆጥረዋል፤ የሚቀጥለውንም ስህተት በዚያው ልክ ይደግመዋል።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየከተማው ያሉ ማኅበሮቻችን ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሙያ ማሠልጠኛ መሣሪያ ይልካሉ። ርክክቡ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው ይሰራጫል። ከዓመት በኋላ ዕቃው ይሠራ እንደ ሆነ ለመጠየቅ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው፤ ቢጠየቅም የሚመጣው መልስ «በጣም ይሠራል» ሊሆን ይችላል። የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ነገሩን ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ደርሷል። ማሽኑን እኛ በዶላር አንድ ጊዜ እንከፍልለታለን፤ ምላጩን ግን ተቀባዩ በብር ዘወትር ይከፍልለታል። ስለዚህ አገር ውስጥ ከሚገኝ ወይም ለሌላ ሙያ ተብሎ አስቀድሞ ከሚገባ ምላጭ ጋር የማይስማማ ማሽን መላክ፣ ችሮታ የሚመስል ተደጋጋሚ ዕዳ ማሸከም ነው።

ስለዚህ ለራሱ ለሚገዛም ለወገኑ ለሚልክም የማቀርባቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። የሚያልቀው ዕቃ ምንድን ነው? ማሽኑ በሚሠራበት ቦታ በምን ዋጋ ይገኛል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? እነዚህ ሳይመለሱ የማሽኑን ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው። ለሚልክ ሰው አራተኛ እጨምራለሁ፦ ተቀባዩ ያለ ይሉኝታ «ይህ አይሆነኝም» የሚልበት መንገድ አለው ወይ? ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ገንዘቡን ልኮ ምርጫውን ለባለሙያው መተው ይመስለኛል፤ የማሽኑን ጉድለት አብጥሮ የሚያውቀው እርሱ ነው።

በቅርቡ ይህንኑ ለአጎቴ በስልክ ነገርኋቸው። «ጋሼ፣ በዚህኛው ጊዜ የሚሆነውን እርስዎ ይምረጡ» ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እውነቱን ልንገርሽ?» ብለው ሳቁ። ከሁለት ቀን በኋላ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ፦ ልሙጥ ምላጭ ቁጥር 3 እና ቁጥር 5፣ ከየዓይነቱ ሦስት ደርዘን፣ እንዲሁም ለትራፓኖ የሚሆን 1 ሚሊሜትር መብሻ። ማሽን አልጠየቁም፤ «እሱን ምላጩን ስንለምደው እናየዋለን» ይላል የመጨረሻው መስመር። ስድስቱ ደርዘን ምላጭ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ቦርሳ ጥግ ተቀምጦ ሄደ።

በማኅበሮቻችሁ በኩል መሣሪያ ልካችሁ ከዓመት በኋላ ምን እንደ ሆነ የተከታተላችሁ አንባብያን ካላችሁ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ጻፉልኝ። ያልተሳካው ይበልጥ ይጠቅመናል።